ኢንተርኔታችን በየት በኩል ነው የሚመጣው? የዓለምን ትራፊክ ከቤት ሆኖ የመከታተያ ዝርዝር መመሪያ

«ዛሬ ኔቱ ምን ሆኗል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። አንዱ «ባሕር ውስጥ ገመድ ተቆርጧል አሉ» ይላል። ሌላው «ሆን ብለው ዘግተውት ነው» ይላል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። ሦስቱም አላዩም። ማየት ግን ይቻላል፤ ያውም በነጻ። አህጉራትን የሚያገናኙት ገመዶች ካርታ ለማንም ክፍት ነው። የአገሮች የኢንተርኔት ትራፊክ በየሰዓቱ በግራፍ ይወጣል። እናንተ የላካችሁት ጥያቄ በስንት ራውተር (ዳታን የሚያቀባብል መሣሪያ) አልፎ የት እንደደረሰ ደግሞ ከራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ቆጥራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ስለ ኢንተርኔት ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ፍጥነትን ነው። እኔ ከፍጥነቱ በፊት መንገዱ ይጠየቅ ባይ ነኝ። በየት በኩል ያልፋል? አማራጭ አለው? መንገዱስ የማን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ሰው ስለ ዓለም ቴሌኮም የሚወጣውን ዜና ሁሉ በሌላ ዓይን ያነባል። ይህ መመሪያም የተጻፈው ለዚያ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ላፕቶፕ ነው። ከሌለ ስልክም ይሆናል፤ ግን ደረጃ 4 ላይ ትንሽ ያስቸግራል። አንድ ማስታወሻ ደብተርም አዘጋጁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ አቅምንና ትራፊክን ለዩ

ይህን ከዘለላችሁት ቀሪው ሁሉ ይምታታባችኋል። አቅም ማለት ገመዱና መሣሪያው ማስተላለፍ የሚችለው ነው። ትራፊክ ማለት በእርግጥ ያለፈው ነው። የመንገድ ስፋትና የመኪና ብዛት እንደማለት ነው። ዜናዎች ሁለቱን እየደባለቁ ያወራሉ፤ ኩባንያዎችም ትልቁን ቁጥር ስለሚወዱ አቅሙን ይነግሩናል።

መቀመጫውን ዋሽንግተን ያደረገው «ቴሌጂኦግራፊ» የተባለ የጥናት ድርጅት አገርን ከአገር የሚያገናኘውን የኢንተርኔት አቅም በየዓመቱ ይቆጥራል። በ2022 በሰከንድ 997 ቴራቢት ነበር (አንድ ቴራቢት አንድ ሺህ ጊጋቢት ነው)። በ2023 ወደ 1,217 ወጣ። በ2024 ደግሞ 1,479 ሆነ። አሁን ካልኩሌተር አውጡና የኋለኛውን ለፊተኛው አካፍሉት። በየዓመቱ 22 ከመቶ ገደማ አድጓል ማለት ነው። በዚህ አካሄድ በሦስት ዓመት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት ልመዱት። ዜና ላይ «እጅግ ፈጣን ዕድገት» የሚል ስታነቡ መጠየቅ ያለበት በስንት ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ነው።

ይህን ባለመጠየቅ ዓለም አንድ ጊዜ ከባድ ዋጋ ከፍላለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ «የኢንተርኔት ትራፊክ በየ100 ቀኑ እጥፍ ይሆናል» የሚል አባባል ከአፍ ወደ አፍ ይዞር ነበር። ባለሥልጣኑም፣ ባለሀብቱም፣ ጋዜጠኛውም ተቀበለው። በየ100 ቀኑ እጥፍ ማለት በዓመት ከ12 እጥፍ በላይ ነው። አንድሩ ኦድሊዝኮ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በኤቲ ኤንድ ቲ ቤተ ሙከራ ሳለ ከባልደረባው ጋር ቁጥሩን አገላብጦ ትራፊኩ እጥፍ የሚሆነው በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑን አሳየ። የሰማው ግን ጥቂት ነው። ኩባንያዎቹ በብድር ፋይበር ቀበሩ፤ ትልቁ ክፍል ብርሃን ሳያይ ለዓመታት ከመሬት ሥር ተቀመጠ። ለወሬው ዋና መነሻ የነበረው ወርልድኮም የተባለው የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያ ደግሞ በሒሳብ ማጭበርበር ተጋልጦ በጁላይ 2002 ኪሳራውን አወጀ።

ስለዚህ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር አራት ነገር ጠይቁ። አቅም ነው ትራፊክ? የአገር ውስጥ ነው ድንበር ተሻጋሪ? የቀኑ ከፍተኛ ነው አማካይ? ማን ለካው? አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ። የጥቅል ዳታችን የሚሸጠው በባይት ነው፤ ፍጥነት የሚለካው ግን በቢት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው።

ደረጃ 2፦ የባሕር ሥር ገመዶችን ካርታ ክፈቱ

የቴሌጂኦግራፊን የባሕር ሥር ገመድ ካርታ በስሙ ፈልጋችሁ ክፈቱ። ነጻ ነው። ባለቀለም መስመሮች ዓለምን ተብትበዋት ታያላችሁ። ከአህጉር አህጉር የሚሄደው ዳታ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያልፈው በእነዚህ መስመሮች ነው፤ የሳተላይቱ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ የሚያርፈው ገመድ ውፍረት ደግሞ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ መስመሮቹ ለዓይን እንዲመቹ ተደርገው የተሣሉ ናቸው። ገመዱ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ አያሳዩም። የሚነሣበትና የሚያርፍበት ከተማ ግን ትክክል ነው።

አሁን ጅቡቲን አጉሉት። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ኢንተርኔቷ በየብስ ፋይበር ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል። የጅቡቲን ነጥብ ስትነኩ የገመዶች ዝርዝር ይወጣል። ኤኤኢ-1፣ ሲ-ሚ-ዊ 5፣ ኢሲ፣ ዴር 1 ከእነሱ መካከል ናቸው። አንዱን ምረጡና በጣታችሁ ተከተሉት። ኤኤኢ-1ን ብትይዙ በባብ ኤል መንደብ ያልፋል፣ ቀይ ባሕርን ሽቅብ ይወጣል፣ ግብፅ ላይ የብስ ይረግጣል፣ ከዚያ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ ፈረንሳይ ማርሴይ ይደርሳል። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሌላ ገመድ ምረጡ። እሱም በዚያው ነው። ሌላም ምረጡ። የባብ ኤል መንደብ ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስያን፣ ምሥራቅ አፍሪካንና አውሮፓን የሚያገናኘው ትልቁ ክር በዚያች ጠባብ በር ተጨናንቆ ያልፋል።

ካርታው ላይ ይህን ካያችሁ የ2024 ታሪክ ይገባችኋል። በፌብሩዋሪ ወር ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ከየመን በተተኮሰ ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ መልሕቋን ጥለው ወጡ። መርከቧ መልሕቋን እየጎተተች ተንሳፈፈች። በዚያው ሰሞን ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂ እና ሲኮም የተባሉት ገመዶች ተበጠሱ። ጥገናው በጦርነቱና በፈቃድ ጉዳይ ወራት ፈጀ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጅዳ አካባቢ ሌሎች ገመዶች ተቆርጠው ማይክሮሶፍት የደንበኞቹ ትራፊክ እንደሚዘገይ አስታወቀ። ባለሙያዎች እንደሚሉት በዓለም ላይ በዓመት ከ150 እስከ 200 የገመድ ብልሽት ይደርሳል፤ አብዛኛው መንስኤ የዓሣ ማጥመጃና የመርከብ መልሕቅ ነው።

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ይህን ጻፉ፦ የምትኖሩበት አገር ስንት ገመድ አለው? ከነዚያ ውስጥ አንድ ጠባብ ቦታ የሚጋሩት ስንት ናቸው? የሁለተኛው ቁጥር ጥቅም ከመጀመሪያው ይበልጣል። አሥር ገመድ ኖሮ አሥሩም በአንድ ባሕር ካለፈ አማራጭ አለን ማለት ያስቸግራል።

መውጫ እየተፈለገ ነው። ጉግል በ2021 ይፋ ያደረገው ብሉ-ራማን በግብፅ ፈንታ በእስራኤልና በዮርዳኖስ የሚያልፍ ነው፤ ራማን የተባለው ክፍል ጅቡቲን እንዲነካ ታቅዷል። ሜታ ከአጋሮቹ ጋር የዘረጋው ቱአፍሪካ ደግሞ 45,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አፍሪካን ዙሪያዋን ይከባታል። ሁለቱንም ካርታው ላይ ፈልጓቸው። ባለቤቶቻቸውንም አንብቡ፤ ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 3፦ ርቀትን ወደ ሚሊሰከንድ ቀይሩ

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ግን ሌላውን ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ነው።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል (አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው)። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ውሰዱና ለ100 አካፍሉት፤ ከዚያ በታች ሊሆን የማይችለውን ሚሊሰከንድ ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ11.6 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም። ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ገደማ ነው፤ 53። ዋሽንግተን 11,500 ገደማ፤ 115። የትኛውም ኩባንያ፣ የትኛውም 5ጂ በፋይበር የሚሄደውን ከዚህ በታች ሊያወርደው አይችልም። የተፈጥሮ ሕግ ነው።

እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል፤ ገመድ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ። አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጤነኛ ነው። ሦስትና አራት እጥፍ ከሆነ ግን ዳታው ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ወይም የሆነ ቦታ ወረፋ ይጠብቃል።

ሳተላይትም በዚሁ ይለያል። የድሮዎቹ ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ጥያቄና መልሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እንደ ስታርሊንክ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበሩ ከፋይበር ጋር የሚቀራረብ ጊዜ አላቸው። የቆየ የሳተላይት ስልክ ያስታወሰ ሰው ሁለቱ ተነጋጋሪዎች እየተጠባበቁ አንዱ በሌላው ቃል ላይ ሲወጣ የነበረውን ያውቀዋል። ምክንያቱ ያ ግማሽ ሰከንድ ነው።

ደረጃ 4፦ መንገዱን ራሳችሁ ቁጠሩ

አሁን ወደ ሥራ። ዳታው የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በየተራ ከነጊዜያቸው የሚዘረዝረው መሣሪያ ትሬስራውት ይባላል። ዊንዶውስ ላይ የመፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ ሲኤምዲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ጻፉና ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። ከዚያ ቲ፣ አር፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ የሚሉትን ሰባት ፊደላት በትንንሹ ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተዉ፣ የምትፈልጉትን ድረ ገጽ አድራሻ ጨምሩና ኢንተርን ተጫኑ። ማክና ሊኑክስ ላይ ቃሉ ሙሉ ነው፤ ትሬስራውት ተብሎ ይጻፋል። ስልክ ላይ በዚሁ ስም ነጻ አፕ ይገኛል።

በምን ልጀምር ካላችሁ ሩቅ መሆኑን እርግጠኛ የምትሆኑበትን ምረጡ። የአንድ አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ጥሩ ነው። ጉግልንና ዩቲዩብን ለጊዜው ተዉአቸው።

የሚወጣው ይህን ይመስላል እንበል። መስመር 1፦ 192.168.1.1፣ 2 ሚሊሰከንድ። ይህ ቤታችሁ ያለው ዋይፋይ ነው። መስመር 2 እና 3፦ በ10 የሚጀምር አድራሻ፣ 12 እና 14 ሚሊሰከንድ። ይህ የቴሌኮም ኩባንያችሁ ውስጠኛ ኔትወርክ ነው። መስመር 4፦ ሦስት ኮከብ ብቻ። መስመር 5፦ 18። መስመር 6፦ 97። ቁም! ከ18 ወደ 97 ዘሎ ሄደ። ልዩነቱ 79 ነው። በደረጃ 3 ስሌት ይህ እስከ 7,900 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ገመድ ነው። ባሕር ተሻገራችሁ።

አሁን የመስመር 6ን ስም አንብቡ። ራውተሮች ብዙ ጊዜ የከተማቸውን ምልክት በስማቸው ውስጥ ይይዛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያው ሦስት ፊደል ነው። ኤፍ-አር-ኤ ካያችሁ ፍራንክፈርት ነው። ኤም-አር-ኤስ ማርሴይ ነው። ኤል-ኦ-ኤን ለንደን፣ ኤን-ቢ-ኦ ናይሮቢ። ማርሴይን ካያችሁ በቀይ ባሕር መጥታችኋል ብሎ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታቸው ነገሮች አሉ። ኮከብ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ያ ራውተር መልስ እንዳይሰጥ ተደርጎ ነው። መካከል ላይ አንድ መስመር 300 ብሎ ቀጣዩ 95 ካለም አትደንግጡ፤ ራውተሩ የሚያሳልፈውን በፍጥነት እያሳለፈ ለእናንተ መመለስን ለሌላ ጊዜ አቆይቶት ነው። ችግር የሚባለው ቁጥሩ ከፍ ብሎ እስከ መጨረሻው መስመር ከፍ እንዳለ ሲቀር ነው። ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክሮ መደምደም አያዋጣም። ጠዋትም፣ ማታም፣ በሌላ ሲም ካርድም ሞክሩ።

ሁለት ኩባንያ ባለበት አገር ይህ ሙከራ በጣም ይጣፍጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሳፋሪኮምም ስላለ አንዱን መዳረሻ በሁለቱም ሲም ሞክራችሁ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የት ላይ ይለያያሉ? የት ላይ ይገናኛሉ? የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚደርስ ብልሽት ሁለቱንም ይመታል። ሁለት ሲም መያዝ መጠባበቂያ የሚሆነው ከዚያ ነጥብ ወዲህ ላለው ብልሽት ብቻ ነው።

ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ አንድ ተጨማሪ በር አለ። እያንዳንዱ ትልቅ ኔትወርክ በዓለም ላይ የሚታወቅበት ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። ሃሪኬን ኤሌክትሪክ የተባለውን ኩባንያ የቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገድ የሚነጋገሩበት ሥርዓት) መመልከቻ ገጽ ከፍታችሁ ይህን ቁጥር ብታስገቡ ኔትወርኩ ከእነማን ጋር እንደተያያዘ በሥዕል ያወጣላችኋል።

ደረጃ 5፦ መንገዱ የማን እንደሆነ እዩ

አሁን ያንኑ ትሬስራውት ለጉግል ሞክሩት። ብዙ አገር ውስጥ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ይላል። ጉግል አሜሪካ ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ትገረማላችሁ።

ምክንያቱ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ እኛ መቅረባቸው ነው። ኔትፍሊክስ ከ2012 ጀምሮ የፊልሞቹን ቅጂ የያዙ ሰርቨሮችን በየአገሩ ቴሌኮም ግቢ ውስጥ ያስቀምጣል። ጉግልም የዩቲዩብን እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚያየው ቪዲዮ አንድ ጊዜ ባሕር ይሻገርና ከዚያ ወዲህ ከቅርብ ይቀዳል። ከኢንተርኔት ትራፊክ ሁለት ሦስተኛው ያህል ቪዲዮ ስለሆነ ቁጠባው ቀላል አይደለም።

ሰርቨሮቹን ለመሙላት የሚሄደው ዳታ ግን ግዙፍ ነው፤ ለዚያም የራሳቸውን ገመድ ዘረጉ። ድሮ የባሕር ገመድ የሚዘረጉት የስልክ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። በ1956 የተዘረጋው የመጀመሪያው የአትላንቲክ የስልክ ገመድ ሲጀምር ይሸከም የነበረው 36 ጥሪ ብቻ ነው። በ2018 ሥራ የጀመረው ማሬያ ደግሞ ለ160 ቴራቢት ተነደፈ፤ ያሠሩት ማይክሮሶፍትና ፌስቡክ ናቸው። ዛሬ በሥራ ላይ ካለው ዓለም አቀፍ አቅም ከሁለት ሦስተኛ በላዩን የሚጠቀሙት ጉግል፣ ሜታ፣ አማዞንና ማይክሮሶፍትን የመሰሉ ኩባንያዎች ናቸው። ላለፉት ሃያ ዓመታት ከታየው ለውጥ ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። መንግሥታት የሚደራደሩበት መስመር ነበር፤ አሁን ጥቂት ኩባንያዎች የሚወስኑበት ሆኗል። ሕዝቡም መሪዎቹም ይህን በቅጡ ልብ ያሉት አይመስለኝም፤ ያሳስበኛል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ይህን ለማየት ካርታ አያስፈልጋችሁም። ከአሌክሳንድሪያ ወደ አሽበርን ስትነዱ ግራና ቀኝ የቆሙት መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንጻዎች ዳታ ሴንተር፣ ማለትም የሰርቨር ማከማቻ ናቸው። ላውደን ካውንቲ በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር እጅግ ከተሰበሰበባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው።

ኔትወርኮች ዳታ የሚለዋወጡበትን ቦታ ለማየት ደግሞ ፒሪንግዲቢ የተባለውን ነጻ መዝገብ ክፈቱና ከተማ ፈልጉ። ዴሲክስ የተባለው የፍራንክፈርት መለዋወጫ ከ1995 ጀምሮ አለ፤ የቀን ተቀን ትራፊኩንም በግራፍ ያወጣል። በማርች 2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ በሰከንድ ከ9 ቴራቢት በላይ መዝግቧል። በዚያ ወር ኔትፍሊክስ መስመር እንዳይጨናነቅ ብሎ አውሮፓ ላይ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጎ ነበር። ናይሮቢም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መለዋወጫ አላት። መለዋወጫ የሌለው ከተማ የጎረቤቱን ኢሜይል አውሮፓ አዙሮ ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ግራፉን ማንበብ ተማሩ

የአገሮችን ትራፊክ በነጻ የሚያሳየውን ክላውድፍሌር ሬዳር የተባለ ድረ ገጽ ክፈቱ፣ አገር ምረጡ፣ የሰባት ቀን ግራፍ አውጡ። ማዕበል ታያላችሁ። ሰው ሲተኛ ይወርዳል፤ ሲነቃ ይነሣል፤ ማታ ይጦዛል። ግራፉ በዩቲሲ (የዓለም መደበኛ) ሰዓት ከሆነ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ጨምሩ፤ የሐበሻ ሰዓት ታገኛላችሁ። 18 ሰዓት ካለ 15፣ ከዚያ 3፤ ማታ ሦስት ሰዓት ነው።

ማዕበሉ የሕዝቡን ኑሮ ይከተላል። በረመዳን ሙስሊሞች በሚበዙባቸው አገሮች ኢፍጣር ላይ ትራፊኩ ይወርዳል፤ ለሱሑር ደግሞ ሌሊት ይነሣል። በኤፕሪል 8፣ 2024 አሜሪካ ላይ ፀሐይ ስትጋረድ ሰው ስልኩን ጥሎ ሰማይ ስላየ ግራፉ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የጤነኛ ሳምንት ምን እንደሚመስል ዓይናችሁ ይልመድ። ያለዚያ ብልሽትን አታውቁትም።

ብልሽት ደግሞ የተለያየ መልክ አለው፤ መግቢያው ላይ ለተነሣው ክርክር መልሱ ያለው እዚህ ነው።

ገመድ ሲቆረጥ ትራፊኩ ብዙ ጊዜ ዜሮ አይገባም። ይቀንሳል፤ ከዚያ ወደ ሌላ መስመር ሲዞር ቀስ ብሎ ያገግማል። ዋናው ምልክት ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። ገመዱን የሚጋሩ አገሮች በአንድ ደቂቃ ይወርዳሉ። በሜይ 12፣ 2024 ኢሲና ሲኮም ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው መስመራቸው ላይ ሲቆረጡ ታንዛኒያም፣ ኬንያም፣ ሞዛምቢክም አብረው ተጎዱ። ስለዚህ የራሳችሁን አገር ብቻ አይታችሁ አትቁሙ፤ ካርታው ላይ ያያችኋቸውን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ክፈቱ።

ሲዘጋ ግን ግራፉ እንደ ገደል ነው። አንድ አገር ብቻ ወይም አንድ ኔትወርክ ብቻ ይወርዳል። ጎረቤቶቹ ጤነኛ ናቸው። መጨረሻውም ዜሮ አጠገብ ነው። ለተማሪዎች ፈተና ብለው ኢንተርኔት በሚዘጉት በኢራቅና በሶርያ ግራፉ በየፈተናው ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ወርዶ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሣል። ኢትዮጵያም በጁን 2020 መጨረሻ ከሞላ ጎደል በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ይኸው መልክ ነበረው፤ ወደ ቦታው ለመመለስም ሳምንታት ወሰደ። የሞባይል ዳታ ብቻ ሲዘጋ የቤት መስመሩ ይቀራል፤ ያኔ ግራፉ ዜሮ አይነካም።

መብራት ሲጠፋ ሌላ ነው። በኤፕሪል 28፣ 2025 ስፔንና ፖርቱጋል ጨለማ ሲዋጣቸው ትራፊኩ መጀመሪያ በግማሽ ወረደ። ከዚያ የስልክና የአንቴና ባትሪ ሲያልቅ በሰዓታት ውስጥ እየተንሸራተተ ፖርቱጋል ውስጥ በ90 ከመቶ ገደማ ቀነሰ።

አንድ አፕ ብቻ ከሞተ ደግሞ አገሩንም ገመዱንም ተዉት። በኦክቶበር 4፣ 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ሲጠፉ ገመዱ ሁሉ ደህና ነበር። ኩባንያው ራሱ የኔትወርኩን አድራሻ ከዓለም ራውተሮች ላይ እንዲጠፋ አድርጎ ነው።

ለማረጋገጫ የኢንተርኔት መቋረጥን የሚከታተለውን አዮዳ የተባለ ድረ ገጽ ክፈቱ፤ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። እዚያ በአንድ አገር ላይ የተለያዩ መለኪያዎች ጎን ለጎን አሉ። ሁሉም አብረው ከወደቁ ነገሩ የምር ነው። አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን መለኪያው ራሱ ሊሆን ስለሚችል ጠብቁ። ሁለት ምንጭ ሳታዩ ለማንም «ተቆርጧል» ብላችሁ አትጻፉ።

ደረጃ 7፦ የውጭ ጥሪው የት ሄደ?

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስሌቱ ስለሚያስደንቀኝ ነው። ወረቀት አውጡ።

በ2013 ዓለም በድንበር ተሻጋሪ ስልክ 547 ቢሊዮን ደቂቃ ያህል አወራች። ከዚያ ዓመት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አንድ መደበኛ የስልክ ድምፅ በሰከንድ 64,000 ቢት ነው። ደቂቃዎቹን በ60 አባዙ፣ በ64,000 አባዙ፣ ሁለቱም ወገን ስለሚናገር በ2 አባዙ። ውጤቱን ዓመቱ ባለው 31.5 ሚሊዮን ሰከንድ አካፍሉት። በሰከንድ 133 ጊጋቢት ገደማ ይመጣል። የመላው ዓለም ዓለም አቀፍ ጥሪ፣ የዓመት ናፍቆትና መርዶ፣ የንግድ ድርድሩ ሁሉ ተደምሮ በአማካይ ይህን ያህል ነው! በዛሬ ገመድ ውስጥ አንድ የፋይበር ጥንድ ብቻውን ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሸከም ይችላል።

እንግዲህ ያ ጥሪ ለምን ውድ ነበር? ቦታ ስለጠፋ አልነበረም። ጥሪውን የሚቀበለው አገር ቴሌኮም ከላኪው በየደቂቃው ያስከፍል ስለነበር ነው። ለብዙ ድሃ አገሮች ትልቅ የዶላር ምንጭ ነበር። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1997 የአሜሪካ ኩባንያዎች ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚከፍሉት በደቂቃ ከ23 ሳንቲም እንዳይበልጥ ጣሪያ አወጣ። ከዚያ በፊት ከዚህ በላይ ይከፈል ነበር። የጥሪ ካርድ እየፋቀ አሥራ ምናምን ቁጥር ይጫን የነበረ የዲሲ ሰው፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለምን እንደዚያ ያጥር እንደነበር አሁን ይገባዋል።

ከዚያ ስካይፕ መጣ፤ ቀጥሎ ቫይበር፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ። ስካይፕ ራሱ በሜይ 2025 ተዘጋ። ደቂቃው አልጠፋም፤ ወደ ዳታ ገብቶ ከቪዲዮው ጋር ተቀላቅሏል። ቆጥሮ የሚለየው ሰው ግን የለም።

በስልካችሁ ላይ ልታዩት የምትችሉት ቅሪት አለ። ከሪያድ ወይም ከዲሲ የሚደውል ዘመዳችሁ ቁጥሩ ፕላስ 966 ወይም ፕላስ 1 ብሎ ካልወጣና በ09 የሚጀምር የማታውቁት የአገር ውስጥ ቁጥር ከመጣ ጥሪው በሲም ቦክስ አልፎ ሊሆን ይችላል። ባሕሩን በኢንተርኔት ተሻግሮ፣ አገር ውስጥ ብዙ ሲም የተሰካበት ሳጥን ገብቶ፣ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ወጥቷል። ቴሌኮሙ ከውጭ ጥሪ የሚያገኘውን ክፍያ ያጣል። ኢትዮጵያ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2012 የምትቀጣው አንዱ ድርጊት ይህ ነው። ለእናንተ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ወደ ቁጥሩ መልሳችሁ ብትደውሉም ዘመዳችሁን አታገኙም።

ልምድ ይሁናችሁ

በወር አንድ ጊዜ ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ሦስት መዳረሻ ሞክሩ፤ አንድ ጎረቤት አገር፣ አንድ አውሮፓ፣ አንድ አሜሪካ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠቀማችሁበትን ሲም፣ ዝቅተኛውን ሚሊሰከንድና ባሕር የተሻገራችሁበትን ከተማ ጻፉ። አምስት መስመር ይበቃል። ሌላው ጊዜ ሁሉ ዝም በሉት።

ኔቱ በተንቀራፈፈ ቀን ግን ደብተሩን አውጡና በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ሌላ አፕ ሞክሩ። ቀጥሎ ሌላ ሲም። ከዚያ ትሬስራውት፣ ከዚያ የአገራችሁን ግራፍ፣ ከዚያ የጎረቤቶችን፣ መጨረሻ ላይ አዮዳን። ፍራንክፈርት ድሮ 110 የነበረው ዛሬ 240 ካለና የመሻገሪያው ከተማ ከማርሴይ ወደ ናይሮቢ ከተቀየረ ትራፊካችሁ በሌላ አቅጣጫ ዞሯል። የትኛው ገመድ እንደሆነ ካርታው ላይ ፈልጉ። ቁጥሩ ወደ 110 እስኪመለስ በየቀኑ መዝግቡት፤ ስንት ቀን እንደፈጀ ካወቃችሁ የሚቀጥለው ሲቆረጥ ለሥራችሁ ስንት ቀን መዘጋጀት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።